ሳይጠሯቸው አቤት ላሉት ጎረቤቴ

ባለፈው ቅዳሜ ማምሻውን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ባለ አንድ አዳራሽ «ሄንሪ አምስተኛ» የተባለውን ፊልም አየሁ ብል ውሸት ይሆናል። ሰማሁት እንጂ። ያሰሙኝም ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አባት ናቸው፤ ለውለታቸው ምስጋና ሳላቀርብ ብቀር ንፉግ እባላለሁ።

ሼክስፒር ፊልሙ የተሠራበትን ተውኔት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1599 ገደማ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ባሕር ተሻግሮ ፈረንሳይን ሲወጋ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1415 አዠንኩር ላይ በቁጥር የሚበልጠውን ጦር ሲያሸንፍ ያሳያል። ደራሲውን ግን አንድ ነገር አስጨንቆታል፤ ሁለት መንግሥት ከነፈረሱ በአንዲት የእንጨት መድረክ ላይ እንዴት ይግባ? ስለዚህ ተራኪ አቆመ። ተራኪው ብቅ እያለ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ስለ ፈረስ ስናወራ ፈረሱን እንዳያችሁት ቁጠሩት ብሎ ተመልካቹን ይለምናል። ኬኔት ብራና በ1989 (ስሙ ራሱ ለእኛ ጆሮ የገዳም መጽሐፍ ይመስላል) ንጉሡን ሆኖ እየተጫወተ ፊልሙን ሲያዘጋጅ ተራኪውን አልጣለውም። የዘመናችንን ጥቁር ካፖርት አልብሶ፣ ክብሪት አስጭሮ ከጨለማ አወጣው። ጎረቤቴም የክብሪቷ ብርሃን ብታንስባቸው የስልካቸውን ባትሪ አበሩልን።

ለአንድ ፊልም አንድ ተራኪ ይበቃል ያለው ማን ነው? ሼክስፒር ድሬን አያውቃትም። እኛ ዘንድ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው በየረድፉ አለ፤ ያውም በነፃ፣ ያውም ለውዝ እየፈለፈለ። ሙቀቱ በሩን አስከፍቶ የባጃጅ ጡሩምባ ከፈረንሳዮች መለከት ጋር ሲቀላቀል እንኳ ጎረቤቴ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ እንጂ ሥራቸውን አያቋርጡም።

የውጊያው ዋዜማ ሌሊት ያደረጉልንን ግን መቼም አልረሳም። ንጉሡ ካባ ተከናንቦ ወታደሮቹ መሀል ይቀመጣል። ዊልያምስ የተባለ ተራ ወታደር ከማን ጋር እንደሚያወራ ሳያውቅ ይናገራል፤ ጦርነቱ የፍትሕ ካልሆነ በሜዳው የተቆረጠው እጅ፣ እግርና ራስ ሁሉ በመጨረሻው ቀን ተሰብስቦ ንጉሡን ይፋረደዋል። ይህን የማውቀው ተውኔቱን ቀድሜ ስላነበብኩ ነው። አዳራሹ ውስጥ የሰማሁት ሌላ ነው። ጎረቤቴ አንጀታቸው አልችል ብሎ፣ «አቦ፣ ንጉሡ እኮ ነው! ንገሩት እንጂ!» አሉ። ዊልያምስ እሳቸውን አልሰማም፣ እኔም ዊልያምስን አልሰማሁም፤ እኩል ለእኩል ተለያየን። ሎረንስ ኦሊቪዬ በ1944፣ አገሩ ጦርነት ላይ ሳለች ይህንኑ ተውኔት በፊልም ሲሠራ ንጉሡን የሚያስጠሉ ቦታዎችን በመቀስ አውጥቷል። ጎረቤቴ መቀስም አላስፈለጋቸው።

ልማዱ ከአዝማሪ ቤት የመጣ ይሆን? እዚያ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጠው ታዳሚው ነው። እርግጥ አዝማሪው ይቀበላል፤ ሄንሪ ግን ስንት ግጥም ተሰጥቶት አንዱንም አልተቀበለም። ትዕቢተኛ ንጉሥ ነው።

ንጉሡ ከጥቂት ወታደሮቹ ፊት ቆሞ «እኛ ጥቂቶች፣ እኛ ዕድለኛ ጥቂቶች» ማለት ሲጀምር ጎረቤቴ በሹክሹክታ፣ ለገሃር ድረስ በሚሰማ ሹክሹክታ፣ «ያሸንፋሉ፤ አትጨነቁ» አሉን። የደም ግፊት ያለበት ስንት ሰው አለ፤ ማሰባቸው ነው።

ከድሉ በኋላ ንጉሡ የተገደለውን ልጅ ተሸክሞ በጭቃው መሀል ይሄዳል። ካሜራው አራት ደቂቃ ያህል ሳይቆረጥ ይከተለዋል፤ ዘማሪዎቹ በላቲን «ለእኛ አይደለም፣ አቤቱ፣ ለእኛ አይደለም» የሚለውን መዝሙር ይዘምራሉ። እውነትም ለእኛ አልነበረም። የጎረቤቴ ስልክ ጮኸ። «ሃሎ! አዎ፣ ፊልም ላይ ነኝ። አይ፣ ምንም አልቀረው፣ ሬሳ እየሰበሰቡ ነው።»

መብራቱ ሲበራ ዞር ብዬ እጅ ነሣኋቸው። አንገታቸውን በሐዘን ነቀነቁ።

«ፊልሙስ ደግ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «ግን ያ ካፖርት የለበሰው ሰውዬ፣ አሁንም አሁንም እየገባ ሲለፈልፍ መች አሳየን!»