በውስጥ መስመር ያናግሩን

የጅማ በርጩማ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግሩ የሚቆም፣ አያቶቻችን ያለ ማንም አስተዋዋቂ ሲገዙት የኖሩት ዕቃ ነው። እኔና የአክስቴ ልጅ ግን እዚያው ጅማ ከተማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይተን ንግድ ስንጀምር፣ ገንዘብ አውጥተን መጀመሪያ የገዛነው በርጩማ ሳይሆን የሁለት ቀን የዲጂታል ማርኬቲንግ ሥልጠና ነበር።

አሠልጣኛችን ራእይ፣ ተልእኮና እሴት የሌለው ድርጅት ድርጅት እንዳልሆነ ስለነገሩን፣ ሌሊቱን ቁጭ ብለን «በአፍሪካ ተመራጭ የመቀመጫ መፍትሔ አቅራቢ ሆኖ መገኘት» የሚል ራእይ ጻፍን። በዚያን ጊዜ በሱቁ ውስጥ የነበሩት በርጩማዎች ዐሥራ አንድ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ላይ ተቀምጠን የምንጽፈው እኛው ነበርን።

ቀጥሎ ከበሩ የሚሰፋ ባነር አሠራን። «በዓይነቱ ልዩ የሆነና ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ» ከሚለው ሐረግ ሥር ሁለት የሚጨባበጡ እጆች፣ ከእጆቹ በላይ ደግሞ የምትሽከረከር የምትመስል የዓለም ሉል አለች፤ የበርጩማው ፎቶ ቦታ ስላልበቃው ቀረ። ባነሩ በተሰቀለ በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት የትምህርት ማስረጃውን በፕላስቲክ አቃፊ ይዞ ገባና፣ የካናዳ ፕሮሰስ መጀመራችንን እንደ ሰማ ነገረን። የአክስቴ ልጅ ምን ያህል እንደምናስከፍል ማሰብ ጀምሮ ነበር፤ እኔ ነኝ በክርኔ የነካሁት።

የቴሌግራም ቻናላችንም ስልሳ ሦስት አባላት ነበሩት፤ አብዛኞቹ ዘመዶቻችን ናቸው። በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር «ውስን ፍሬ ብቻ ቀርቷል፤ ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ብለን እንጽፋለን፤ ዋጋ በአደባባይ ከተጻፈ ገዥው ይሸሻል ተብለናልና። ጀሮም ማካርቲ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960 የገበያን ሥራ ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታና ማስተዋወቅ በሚሉ አራት ነገሮች ጠቅልለው ነበር። እኛ አራተኛውን ይዘን ሮጥን፤ ሁለተኛውን ደግሞ እንደ ሰረቅነው ዕቃ ደበቅነው።

አንድ ሐሙስ ቀን ከሂርማታ ገበያ የሚመለሱ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ለማናፈስ ብለን በራፍ ላይ ባወጣነው በርጩማ ላይ ባጃጅ እየጠበቁ ተቀመጡ። የደጃፋችን ኮብልስቶን ግማሹ የተነቀለ በመሆኑ አራት እግር ያለው ወንበር ሁሉ ይንገዳገድበታል፤ ሦስት እግር ግን ወጣ ገባውን አይቆጥርም። ሴትዮዋ ወዲህና ወዲያ ራሳቸውን ወዝውዘው ሞከሩት፤ ንቅንቅ አላለም።

«ልጄ፣ ይቺ ስንት ናት?» አሉኝ።

አፌ ለምዶት «በውስጥ መስመር ያናግሩን፣ እናቴ» አልኋቸው።

ሴትዮዋ ሳያንገራግሩ ተነሥተው፣ ዘንቢላቸውን አንሥተው፣ ባነሩን በእጃቸው ገለጥ አድርገው ወደ ሱቁ ዘለቁና፣ «ይኸው ውስጥ ገብቻለሁ፤ ስንት ናት?» አሉ።

በማግስቱ ባነሩን አውርደን እንጨታችንን ከጅማ ዝናብ መሸፈኛ አደረግነው፤ ገንዘባችን ሥራ ላይ የዋለው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ በራፍ ላይ ሁልጊዜ ሁለት በርጩማ ይወጣል፤ ደክሞት የተቀመጠውን ሁሉ ዕቃው ራሱ ያነጋግረዋል። ዋጋውን በጠመኔ መቀመጫው ላይ እንጽፋለን፤ ቴሌግራሙ ላይም አንድ ፎቶ፣ አንድ ዋጋና የሱቁ አቅጣጫ ብቻ ይወጣል። ለዩኒቨርሲቲው ምረቃ ለሚመጡ ወላጆች፣ እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ የሚጓዝ ዕቃ ስለሆነ፣ በማዳበሪያ ጠቅልለን በገመድ አስረን እንሰጣለን። የገዛውን ሁሉ ስለ እኛ ከየት እንደ ሰማ ጠይቀን በደብተር መመዝገብም ጀመርን፤ ገጹን የሞላው መልስ «ጎረቤት ቤት ቡና ስንጠጣ ተቀምጬበት» የሚል ነው። ራእያችንን የጻፍንበት ወረቀት የት እንደ ገባ እስካሁን አላወቅንም፤ የፈለገውም የለም።

እኒያ እናት ባለፈው ሳምንት ለልጃቸው ቤት ሌላ በርጩማ ሊገዙ ተመልሰው መጡ። መቀመጫው ላይ በጠመኔ የተጻፈውን ዋጋ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ከዚያም በነጠላቸው ጫፍ ጥርግ አድርገው አጠፉትና ተመቻችተው ተቀመጡበት።

«እሺ ልጄ፣ አሁን ስንት ናት?»