ኳስ የታቀፈው ሰውዬ

የመኪናዬ የሾፌር ወንበር ስፖንጁ አልቆ ወደ ታች ከመስመጡ የተነሣ መሪ ጨብጬ ስሄድ ከውጭ የሚታየው ባርኔጣዬ ብቻ ነበር። የጥምቀት እንግዶችን ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በዚህ ሁኔታ ማምጣቱ ስላሳፈረኝ፣ ከከተራ ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ያገለገለ ነገር ግን ቆዳ የለበሰ ወንበር ገዝቼ አስገጠምሁ። ወንበሩ አማረ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ግን አንድ ቀይ ሰውዬ ቁጭ አለ። ኳስ የመሰለ ነገር የታቀፈው ይህ የኤርባግ፣ ማለትም ግጭት ሲደርስ ተነፍቶ ሰው የሚከላከለው ከረጢት፣ ምልክት ቀድሞ ቁልፍ ሲዞር ለ6 ሰከንድ ያህል ታይቶ ይሰወር ነበር፤ አሁን ግን በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ እንደ ተሳሉት መላእክት ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቅልም አለ።

ጎንደር ውስጥ መኪና ታሞ ሐኪም አይታጣም። አማቴ ምልክቱን አተኩረው ካዩ በኋላ «መሶቡን ታቅፎ ብቻውን እየበላ ነው፤ ምን ይደረግ፣ ዘመኑ ነው» አሉ። ጎረቤቴ ጥቁር ፕላስተር እንድለጥፍበት መከረኝ። ማራኪ አካባቢ ያገኘሁት ወጣት ኤሌክትሪሺያን ደግሞ አምፖሉን ሊያወጣው ፈለገ፤ እምቢ ስለው በሽታው ሳይሆን ዋጋው የከበደኝ መስሎት ግማሹን ቀነሰልኝ። ቀጥሎም በኤርባጉ ፋንታ ከ2 እስከ 3 ኦም የሚሆን ሬዚስተር የሚሉትን ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ቢያስርለት የመኪናው ኮምፒውተር ኤርባጉ እንዳለ አምኖ መብራቱን እንደሚያጠፋ፣ ለቦሎ ምርመራም እንደማልቸገር አስረዳኝ። አልዋሽም፣ ልቤ ሸፍቶ ነበር፤ የመለሰኝ ግጭት ሲደርስ ሬዚስተር የማይነፋ መሆኑ ብቻ ነው።

በመጨረሻ የሄድሁባቸው ሽማግሌ መካኒክ ግን መብራቱን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

«ወንበሩ ወጥቶ ሳለ ቁልፍ አዙረሃል?»

«ሬዲዮ ለመስማት ያህል ብቻ...»

ራሳቸውን ነቀነቁና ከወንበሩ ሥር ጎንበስ ብለው፣ የሚሰካበት አጥቶ የተንጠለጠለ ቢጫ ሶኬት እየጎተቱ አሳዩኝ። የድሮው ወንበር መደገፊያው ጎን ውስጥ የራሱ ኤርባግ ነበረው፤ ቆዳ የለበሰው ግን የለውም። ኮምፒውተሩ የተቆረጠውን መስመር አይቶ ጥፋቱን በማኅደሩ መዝግቧል፤ መብራቱ እስከ በራ ድረስ የቀሩት ኤርባጎችም መክፈታቸው አያስተማምንም።

«አሮጌው ወንበር የት አለ?»

አሮጌው ወንበር የግቢያችን ዘበኛ ዘንድ ነበር። እንደ ደግ ሰው ቆጥሬ ራሴን እያመሰገንሁ የሰጠኋቸው እኔው ነኝ፤ እሳቸውም ሌሊት ሌሊት የከሰል ምድጃቸውን ጎኑ አስጠግተው ያድሩበታል። ስለዚህ እኔ በኮብልስቶኑ ላይ ያለ ዋስትና ስንገላታ፣ ከቆመበት የማይነቃነቀው በር ጠባቂ በኤርባግ ተከልለው ይተኛሉ ማለት ነው። መካኒኩ ግን አልሳቁም፤ ኤርባጉ ውስጥ ያለው ባሩድ መሰል ነገር ኃይለኛ ሙቀት ካገኘው ያለ ባትሪም ሊፈነዳ እንደሚችል ነግረው አስሮጡኝ።

ዘበኛው ነገሩን በጥሞና ሰሙና «ልጄ፣ ለወገቤ የተስማማኝ ይኸ ነው። ፈንጂ ከሆነ ስትሰጠኝ ለምን አልነገርኸኝም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ድርድሩ ከጠዋት እስከ ቡና ሰዓት ዘልቆ በቆዳው ወንበር ተጠናቀቀ።

መካኒኩ የባትሪውን ነጋቲቭ ነቅለው፣ ሥርዓቱ ከ90 ሰከንድ የማያንስ ጥበቃ ቢሆንም አንድ ሲጋራ እስኪያልቅ ጠበቁ። መደገፊያውን ሳያስነኩ የመቀመጫውን ስፖንጅ ብቻ አስሞሉ፤ ቢጫውን ሶኬት ጠቅ እስኪል ሰኩት፤ ባትሪውን መልሰው የኤርባግ ጥፋት በሚያነብ ስካነር ማኅደሩን አጸዱ። ቁልፉን አዞርሁና ትንፋሼን ይዤ ቆጠርሁ። ስድስት ላይ ሰውዬው ኳሱን ይዞ ሄደ።

በከተራ ዕለት ከዚህ በፊት አይተውኝ የማያውቁ አንዲት የሩቅ ዘመድ በባጃጅ መጡ። በሩ ላይ ቆዳ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ዘበኛ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና፣ ሻንጣቸውን ለእኔ አሸከሙኝ።