አውቶማታ ከኮድ ይጀመር ወይስ ከፕሩፍ?

አውቶማታ (የምናባዊ ማሽኖች ጥናት) እና ኮምፕሌክሲቲ (አንድ ጥያቄ ለኮምፒውተር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚመዝነው ጥናት) ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ እንዴት ይሰጥ? ከኮድ ይጀመር ወይስ ከፕሩፍ፣ ማለትም ከሒሳባዊ ማረጋገጫ? አንዱ ደሴ፣ አንዷ ኮምቦልቻ የሚያስተምሩ ሁለት መምህራን ይከራከራሉ።

የደሴው፦ ከኮድ ይጀመር። ተማሪው የሚሸሸው ከብዶት ሳይሆን፣ ገና በመጀመሪያው ሰዓት አምስት ሆሄ በቅንፍ ተደርድሮ "ፋይናይት አውቶማተን ማለት ይህ ነው" ስለሚባል ነው። ይልቅ የሞባይል ቁጥር የሚያጣራ ማሽን ይሥራ፤ 09 ወይም 07፣ ቀጥሎ ስምንት አኃዝ። ወረቀት ላይ ክብ እየሳለ 11 ስቴት (ማሽኑ ሊሆንባቸው የሚችሉ ሁኔታዎች) ያገኛል። አብዛኛው እዚህ ያቆምና በፓይተን ዲክሽነሪ ይጽፈዋል። አንድ ትርፍ አኃዝ ሲያስገባ ፕሮግራሙ በኪይ ኤረር (ዲክሽነሪው ውስጥ የሌለ ቁልፍ ሲጠየቅ በሚመጣ ስህተት) ይወድቃል፤ ከገቡ የማይወጡበት 12ኛ ስቴት ለምን እንዳስፈለገ ያኔ ይገባዋል። አምስቱ ሆሄያት ከዚያ በኋላ ቢመጡ እያንዳንዱ ኮዱ ውስጥ የት እንዳለ በጣቱ ያሳያል።

ኮምፕሌክሲቲም እንዲሁ። ከደሴ ተነስቶ የወሎን ከተሞች አዳርሶ ለሚመለስ የጭነት መኪና አጭሩን ዙር ይፈልግ። ደሴን ጨምሮ 10 ከተማ 362,880 ቅደም ተከተል ነው፤ ላፕቶፑ ወዲያው ይጨርሰዋል። 20 ሲሆን 19 ፋክቶሪያል (ከ1 እስከ 19 ያሉት ቁጥሮች ብዜት) ነው፤ በሰከንድ ቢሊዮን ቢሞክር እንኳ ወደ አራት ዓመት ይፈጃል።

የኮምቦልቻዋ፦ በሞባይል ቁጥሩ እስማማለሁ። በመኪናው ግን ወንድሜ ተማሪውን አሳሳቱት። ከከሚሴ በኮምቦልቻ፣ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በመርሳና በወልድያ አድርጎ እስከ ቆቦ አንድ አስፋልት ነው፤ የባቲው ከኮምቦልቻ ይገነጠላል። ይህ ግራፍ (የነጥቦችና የመስመሮች መረብ) ዛፍ ነው፤ ማለትም ዞሮ የሚገጥም መንገድ የለውም። ዛፍ ላይ አጭሩ ዙር እያንዳንዱን መንገድ ሁለቴ ሁለቴ መሄድ ነው፤ የመኪናው ረዳትም ያውቀዋል! ዛፍ ባይሆንም እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የሄልድና ካርፕ ዘዴ ለ20 ከተማ ወደ 420 ሚሊዮን ስሌት ይበቃዋል። አራት ዓመት የሚፈጀው ኮዱ ነው እንጂ ጥያቄው አይደለም። የጥያቄውን ክብደት የሚያሳየው ሪዳክሽን፣ ማለትም አንዱን ጥያቄ ወደ ሌላ ጥያቄ መለወጥ፣ ነው፤ እሱ ደግሞ ፕሩፍ ነው።

የደሴው፦ አብሽሩ እህቴ፣ ሪዳክሽንም ኮድ ነው። 6 ኮርስ፣ 3 የፈተና ሰዓት፣ የጋራ ተማሪ ያላቸው 8 የኮርስ ጥንዶች እንውሰድ። ለየኮርሱ ሰዓት እንደልድል። ተለዋዋጮቹ፣ ማለትም "ይህ ኮርስ በዚህ ሰዓት ይሰጥ" የሚሉት እውነት ወይም ሐሰት የሚሆኑት፣ 18 ናቸው። "እያንዳንዱ ኮርስ ሰዓት ያግኝ" 6 ክሎዝ (መሟላት ያለበት ግዴታ)፣ "የሚጋጩት አንድ ሰዓት ላይ አይዋሉ" 24 ክሎዝ። 30ውን ለሚኒሳት፣ ክሎዞቹን ሁሉ የሚያሟላ መልስ ለሚፈልገው ፕሮግራም፣ ሰጥቶ የፈተና ፕሮግራሙን ይቀበላል።

የኮምቦልቻዋ፦ ሁሌም የሚገለበጠው እዚህ ጋ ነው። ይህ የሚያሳየው ሳት፣ ማለትም "ፎርሙላው ይፈታል ወይ" የሚለው ጥያቄ፣ ቢያንስ የፈተና ድልድሉን ያህል ከባድ መሆኑን ነው። ስለ ድልድሉ ክብደት ምንም አይልም። ለዚያ ከሳት ተነስቶ ወደ ድልድሉ መምጣት አለበት።

የደሴው፦ ያንንም ይጻፈው። በየክሎዙ ሦስት ሊተራል (ተለዋዋጭ ወይም ተቃራኒው) ያለውን ፎርሙላ ተቀብሎ በሦስት ቀለም ለመቀለም የሚሞከር ግራፍ ያውጣ፤ ነጥቦቹ እንደ ኮርሶቹ፣ መስመሮቹ እንደ ግጭቶቹ፣ ቀለሞቹ እንደ ሦስቱ ሰዓታት ናቸው፤ ግራፉን በዚያው የ30 ክሎዝ ኮድ ወደ ሚኒሳት ይመልስና መልሱን ከትሩዝ ቴብል (የእውነትና ሐሰት ምድቦችን ሁሉ ከሚዘረዝረው ሰንጠረዥ) ጋር ያስተያይ። አንድ መስመር ከረሳ፣ የማይፈታ ፎርሙላ ቀለም ሲያገኝ ይይዘዋል።

የኮምቦልቻዋ፦ መሞከሪያው ካልተመረጠ አይይዘውም። ሦስቱ ሊተራሎች ከተለያየ ተለዋዋጭ ከሆኑ፣ ከ8 ክሎዝ ያነሰ ፎርሙላ ሁሉ ይፈታል፤ በአምስት ክሎዝ የሞከረ ተማሪ የረሳውን መስመር በጭራሽ አያየውም። 8 የሚለው ራሱ የሚገኘው በፕሩፍ ነው፦ እያንዳንዱ ክሎዝ ከእውነትና ሐሰት ምድቦቹ አንድ ስምንተኛውን ብቻ ነው የሚጥለው። ደግሞ "ፎርሙላው ከተፈታ ግራፉ ይቀለማል" ብሎ የጻፈ ሁሉ "ግራፉ ከተቀለመ ፎርሙላው ይፈታል" የሚለውን ይዘለዋል። ሁለቱን በእጁ ሳይጽፍ ኮዱን አልቀበለውም።

የደሴው፦ እኔ ኮዱን እቀበለዋለሁ፤ ሁለተኛውን አቅጣጫ በሚቀጥለው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ያስረዳኛል።