እርማት፦ የጀርባ ውሃ መቀዳት ልጅን ሽባ አያደርግም

እህቴ፣ የአራት ዓመት ልጅሽ ማጅራት ገትር ተጠርጥሮ ጎንደር ሆስፒታል ለምርመራ የጀርባ ውሃ በመርፌ ሊቀዳለት እንደሆነ ጽፈሻል። «እንዳትፈርሚ፤ ሽባ ያደርገዋል» ያሉሽ ሰዎች ተሳስተዋል። ምክሩ አደገኛም ነው።

መርፌው የሚገባው በታችኛው ወገብ በኩል ነው። ህብለ ሰረሰር ደግሞ ከዚያ በላይ ያልቃል፤ በጨቅላ ሕፃን እንኳ ሦስተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ። የሚወሰደው ፈሳሽ ጥቂት ነው፤ ሰውነት ይተካዋል። መስማት የሚያሳጣው፣ ሽባ የሚያደርገው በሽታው ራሱ ነው። ዘግይቶ የመጣ ልጅ ሲጎዳ ግን ጥፋቱ በመርፌው ይሳበባል። ይህ ወሬ ስንቱን ወላጅ እንዳዘገየ ሳስብ ያንገበግበኛል። እባክሽ ቶሎ ፈርሚ።

ለልጅሽ «ምንም አያምህም» አትበይው። ሲያመው አንቺንም ማመን ያቆማል። «ትንሽ ይወጋሃል፣ ቶሎ ያልቃል» በይው። በጎኑ አስተኝተው ጉልበቱን ወደ ሆዱ ያጥፉታል፤ እንዳይንቀሳቀስ ነው። ከፈቀዱልሽ ፊት ለፊቱ ሆነሽ እጁን ያዢ፣ የሚወደውን ተረት አውሪለት። ካለቀሰም ያልቅስ፤ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አይባልም። ማደንዘዣ ካለ ጠይቂ። በኋላ ራሱን ካመመው ወይም ካስመለሰው ለነርሷ ንገሪ።