መኪናው ውጭ ይደር

አሜሪካ ውስጥ ዕድሜው ሰባን የተሻገረ ወንድ ሁሉ ድሮ ባንድ ነበረው። ጎረቤቴ ነበረው። ጡረታ አልወጣም ያለው የጥርስ ሐኪሜም ነበረው። የሚያፈስ ጣሪያዬን ሊያይ የመጣው የኢንሹራንስ ሰውዬ ሳይቀር ነበረው። ስለ ጣሪያው «አይሸፈንም» ብሎ በአንድ ቃል ገላገለኝ። ስለ ባንዱ ሲያወራ ግን መሸ።

ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው። አራት ጎረምሶች፣ ሦስት ኮርድ፣ አንድ ጋራዥ። ጋራዥ ስል መካኒክ ቤት እንዳይመስላችሁ። ፈረንጅ ቤት ሲሠራ ለመኪናውም መኝታ ክፍል ያወጣለታል፤ እሱን ማለቴ ነው። ባንዱ ሊያልፍለት ትንሽ ቀርቶት ነበር። የሁሉም ትንሽ ቀርቶት ነበር። ከዚያ ቤዝ የሚጫወተው ልጅ ቬትናም ተላከ፤ ወይም ከበሮ መቺው አገባ። ያላገባ ከበሮ መቺ ቢገኝ ኖሮ ዛሬ ቢትልስን የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ጣጣው የመጣው በቢትልስ ነው። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 እሑድ ማታ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) አራቱ እንግሊዛውያን በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረቡ። 73 ሚሊዮን ያህል ሰው አያቸው። ልጃገረዶቹ ሲጮኹ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ተመለከተ። ሙዚቃውን የሰማው ስንቱ እንደሆነ እንጃ፤ ጩኸቱን ግን ሁሉም ሰምቷል። ከዚያ በኋላ አባት እንቅልፍ የለውም። «ጊታር ግዛልኝ!»

እኔን የሚያሳዝነኝ እንግዲህ ይሄ አባት ነው። በዚያ ሁሉ ትዝታ ውስጥ ስሙ አይነሳም። ከሥራ ደክሞ ይመጣል። መኪናውን ሊያስገባ ሲል ጋራዡን ከበሮ ሞልቶታል። መኪናው በረዶ ላይ ያድራል። ጠዋት መስታወቱን የሚፍቀው ማነው? እሱ። የጊታሩን ዕዳ በየወሩ የሚከፍለው? እሱ። ጎረቤት ፖሊስ ሲጠራ በር ላይ ወጥቶ «ልጆች ናቸው» የሚለውም እሱ። የሮክ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ አንዲት ጊታር ሞዴል ምዕራፍ ሙሉ ይጽፋሉ። ስለዚያ በረዶ ግን አንድ መስመር የለም።

እሺ፣ ወላጅ ሁሉ እንዲህ ጨዋ አልነበረም። «ሉዊ ሉዊ» የተባለውን ዘፈን እንውሰድ። ኪንግስመን የሚባሉ የፖርትላንድ ኦሪገን ልጆች በ1963 ቀረጹት። ስቱዲዮው ያስወጣቸው 50 ዶላር ገደማ ነው። ጥራቱም የ50 ዶላር ነው። ማይኩ ወደ ጣሪያው ተጠግቶ ተሰቅሏል። ዘፋኙ ጃክ ኢሊ ጥርሱ ላይ ሽቦ አስሯል። አንገቱን ወደ ላይ ቀስሮ እየጮኸ ዘፈነ። ከጊታሩ ሶሎ በኋላ ሰዓቱ ሳይደርስ ገባ፤ ደንገጥ ብሎ አቆመ፤ ከበሮው ሸፋፈነለት፤ እንደገና ገባ። ማን ያስተካክለዋል? እንዲያው ወጣ። አገር ምድሩ ጨፈረበት።

ቃሉን ግን የሰማ የለም። ወላጆች ያልሰሙትን ብልግና ነው አሉ። የኢንዲያና ገዥ ሬዲዮ ጣቢያዎች እንዳያጫውቱት ጠየቁ። ኤፍቢአይ ጉዳዩን ያዘ። የዚያ ሁሉ መርማሪ ሥራ ሸክላውን ማፍጠንና ማዘግየት ሆነ። ከሁለት ዓመት በላይ ከለፉ በኋላ የደረሱበት ድምዳሜ፣ በየትኛውም ፍጥነት ቢያጫውቱት አይሰማም የሚል ነው! ግጥሙ እኮ ቀላል ነው። መርከበኛ ነው፤ የቡና ቤቱን አሳላፊ «ናፍቃኛለች፣ ወደ እሷ ልሄድ ነው» ይለዋል። አለቀ። ሪቻርድ ቤሪ ዘፈኑን በሸክላ ያወጣው በ1957 ነው፤ ያን አዳምጦ መገላገል ይቻል ነበር።

ዘፈኑ ሲደምቅ ደግሞ ኢሊ ባንዱ ውስጥ አልነበረም። ከበሮ መቺው ሊን ኢስተን ከእናቱ ጋር ሆኖ የባንዱን ስም በራሱ አስመዝግቦ ኖሯል። አንድ ቀን «ከዛሬ ጀምሮ ዘፋኙ እኔ ነኝ» አለ። ኢሊ ወጣ። ኢስተን ቴሌቪዥን ላይ በኢሊ ድምፅ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። እናት ያለችው ከበሮ መቺ አይናቅም።

አባቱ ያወጣለትን ስም የጣለም አለ። ሚሺገን ውስጥ ያደጉ የሜክሲኮ ስደተኞች ልጆች በ1966 በአሜሪካ አንደኛ የወጣ ዘፈን ሠሩ። መሪያቸው ስሙን በሕግ ቀይሮ «?» አደረገው። ጥያቄ ምልክት፤ ሌላ ምንም የለም። እኛ አገር ቢሆን ልጁ «አበበ ጥያቄ ምልክት» ተብሎ ትምህርት ቤት ይመዘገብ ነበር።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ሳክስፎን ያማረው ልጅ አባቱን ጋራዥ አልጠየቀም። አብዛኛው አባት መኪና የለውም። ያለውም ቢሆን «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብሎ ከነልብሱ ያባርረዋል። ትልቁ ኦርኬስትራ የመንግሥት ነው። የኛዎቹ ስለዚህ ወደ ክብር ዘበኛ፣ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ገቡ። ጥላሁን ገሠሠ የክብር ዘበኛ ነው። የኢትዮጵያው ኤልቪስ የተባለው አለማየሁ እሸቴም ፖሊስ ኦርኬስትራ ነበር። የአሜሪካው ጎረምሳ ፖሊስ ሲመጣ ማጉያውን ያጠፋል፤ የኛው ማጉያውን የሚያበራው ፖሊስ ነው። ሸክላ የማሳተም መብቱም በአዋጅ ለሀገር ፍቅር የተሰጠ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት አዋጁን ከቁም ነገር ሳይቆጥር የራሱን ሸክላ አሳተመ። ዛሬ ፈረንጅ በጨረታ የሚሻማው እነዚያን ሸክላዎች ነው።

ጋሼዎቻችንስ? ዋሽንግተን አካባቢ ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ ጆሮ ስጡ። ሁሉም ውቤ በረሃ ነበሩ። ሁሉም ቤልቦተም ነበራቸው። ከጥላሁን ጋር ያልጠጣ የለም። ሰውዬው በዚያ ሁሉ ግብዣ መሀል መቼ እንደዘፈነ ነው የማይገባኝ። እትዬዎቹ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው ዝም ይላሉ። ያኔ ማን ቤት ተቀምጦ ፊዚክስ ሲያጠና እንደነበር ያውቃሉ።

ናፍቆት ደግሞ ለመጀመር ብዙ ጊዜ አይፈልግም። ከ1965 እስከ 1968 የተሠሩ የጋራዥ ዘፈኖችን ሌኒ ኬይ የተባለ ጊታሪስት ለቅሞ በድርብ አልበም ያወጣው በ1972 ነው። ዘፋኞቹ የጊታራቸውን ዕዳ እንኳ ጨርሰው ከፍለው እንደሆነ እንጃ፣ ቅርስ ተባሉ።

ከአባቶች ሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የኒው ሃምፕሸሩ ኦስቲን ዊጊን ነው። እናቱ ልጅ ሳለ መዳፉን አነበበችለት። ቀላ ያለ ወርቃማ ጸጉር ያላት ሴት ታገባለህ፤ እኔ ከሞትኩ በኋላ ሁለት ወንዶች ትወልዳለህ፤ ሴቶች ልጆችህ ዝነኛ ባንድ ያቋቁማሉ አለችው። ሁለቱ ደረሱ። ሦስተኛውን ለዕድል ሊተወው አልፈለገም። ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጣ፣ ጊታርና ከበሮ ገዛ፣ «ተለማመዱ!» አለ። ሌላው ቤት ልጅ ጋራዥ ይለምናል፤ እዚህ ቤት አባት ልጆቹን ያስገድዳል።

ልጆቹ መጫወት አይችሉም ነበር። ከበሮው ወደ አንድ አገር፣ ጊታሩ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። በ1969 ሻግስ በሚል ስም አልበም አሳተመላቸው። የተባለው ቅጂ አንድ ሺህ ነበር፤ አብዛኛው የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። አባትየው በ1975 ሲሞት እህትማማቾቹ ጊታሩን አስቀመጡ። ግን የአያትየው መዳፍ አልዋሸም። አልበሙ ከብዙ ዓመት በኋላ ተነሣ። ኒርቫና የተባለው የሮክ ባንድ ዘፋኝ ከርት ኮቤን ከሚወዳቸው አልበሞች መደበው።

በ2017 ከእህትማማቾቹ ሁለቱ አርጅተው አንድ ትልቅ ፌስቲቫል ላይ ቀረቡ። ያጀቧቸው ባለሙያ ሙዚቀኞች ነበሩ። ባለሙያዎቹ ልምምድ ላይ ተቸገሩ። ቶሎ ቶሎ እየተሳካላቸው ነበር። እያንዳንዷን የ1969 ስህተት በቦታዋ ለማድረስ ኖታ ይዘው ማጥናት ነበረባቸው።