እርማት፦ «ከ30 በኋላ ጊታር አይለመድም» ለሚለው

«ጂማ ውስጥ ጊታር በግል የሚያስተምር አለ ወይ?» ብላ ለጠየቀችው እህታችን፣ አንድ ወንድማችን «ከ30 በኋላ ጣት ይደርቃል፣ ብርሽን አታባክኚ፤ ይልቅ ልጅሽን አስተምሪ» ብሎ መልሶላታል። ወንድሜ፣ አትቀየመኝና ይሄ ልክ አይደለም።

ጣት የሚያመው በዕድሜ አይደለም። የ10 ዓመት ልጅንም ያመዋል። የጣት ጫፍ ቆዳ እስኪጠነክር ነው፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ለተለማመደ በጥቂት ሳምንታት ይለቃል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጊታሩ ነው። ክሩ ከአንገቱ በጣም ከፍ ካለ ጎረምሳም ተጭኖ አይችለውም። የጂማን ክረምት ደግሞ ታውቀዋለህ። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ የጊታሩ ደረት ብድግ ይላል፣ ክሩም አብሮ ይነሳል። አስተማሪዋ መጀመሪያ ይህን አይቶ ቢያስተካክልላት ግማሹ ሥራ አለቀ። ለጀማሪ የናይለን ክር ይሻላል፤ ከብረቱ ይለሰልሳል።

ልጅ ቶሎ ይይዛል የሚባለው እውነትነት አለው፣ በተለይ ጆሮው። ግን የ7 ዓመት ልጅን ሙሉ መጠን ጊታር ማሸከም ግፍ ነው! ግማሽ ወይም ሦስት አራተኛ የሚባለው ለእነሱ ነው የተሠራው። አዋቂ ደግሞ የትዝታን ቅኝት በጆሮው ይዞት ነው የሚመጣው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ አምስቱን ድምፅ ካሳየኸው የሚያውቀውን ዜማ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።

እህቴ፣ ልጅሽንም ራስሽንም አስመዝግቢ። ጊታሩን ግን ለየብቻ ግዢ።