ለክቡር የበረራ ሰዓት ማስያ፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ 18 ሰዓት ከ54 ደቂቃን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የሁለት ከተማ ስም ሲሰጥዎት ዓይንዎን ሳያሹ ስለሚመልሱ አድናቂዎ ነበርኩ። ለንደን እና ሲድኒ ብዬ ብጽፍልዎ 17,016 ኪሎ ሜትር አሉኝ። ያቺ 16 ናት ያሳመነችኝ፤ እንዲህ አጣርቶ የለካ ሰው አይዋሽም አልኩ። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል ብለው ለ900 አካፈሉና 18 ሰዓት ከ54 ደቂቃ አሉ። ሰኞ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ስነሣ በጣቴ ደምሬ ለታላቅ እህቴ ጻፍኩላት፦ «ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ጠብቂኝ።»

ሲንጋፖር ላይ አውሮፕላን ልቀይር ወርጄ ስልኬን ስከፍት 11 ያመለጠ ጥሪና አንድ ፎቶ ጠበቀኝ። የእህቴ ልጅ፣ ስሜን በከለር የጻፈበትን ካርቶን አንጥፎ መንገደኛ መውጫው በር ሥር ተኝቷል። ከስሜ የምትታየው በጆሮው በኩል ያለችው አንዲት ፊደል ብቻ ናት። እህቴ መረጃ ክፍል ሄዳ «ከለንደን በቀጥታ የሚመጣው አውሮፕላን ዘገየ እንዴ?» ብትል፣ ሠራተኛዋ እንዲህ ያለ በረራ እንደሌለ ነግራት፣ ባልደረባዋን ጠርታ ጥያቄውን አስደገመቻት። አስደገመቻት!

ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀጥታ መስመር ማስመር ምን ይሉታል? ደግሞስ መስመርህ ሩሲያን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የእንግሊዝ አውሮፕላን እዚያ ሰማይ ድርሽ አይልም። ሲድኒ በታኅሣሥ ከለንደን 11 ሰዓት እንደምትቀድም አንድ መስመር ጽፈህ ብትነግረኝ ምን ይጎድልብሃል? እኔስ ልዋረድ። ያ ሕፃን ወለል ላይ የተኛው ባንተ ማካፈል ነው!

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ፤ አንቱታው አመለጠኝ።

የድሮውን ቂም አላነሣም። ለንደን–ኒውዮርክ መሄጃውም መመለሻውም እኩል ነው ያሉኝን ትቼዋለሁ፤ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ግን ሲሄዱ አንድ ሰዓት ያህል ያስከፍላል። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ተራ ሲጠብቅ የሚያልፈውም ደቂቃ እርስዎ ዘንድ የለም፤ እንደ ወፍ ከቅርንጫፍ ብድግ ነው።

ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። እህቴ ሳትስመኝ «ትኬትህ ላይ አልተጻፈም እንዴ?» አለችኝ። ተጽፏል። ቀኑም ሰዓቱም፣ በሲድኒ አቆጣጠር፣ ደምቆ። ይህን ግን ለእርስዎ አላምንም።

ከሰላምታ ጋር፣

በእርስዎ ስሌት ከ18 ሰዓት በፊት የደረስኩት መንገደኛ

ግልባጭ፦ ካርቶን ላይ ለተኛው